«ላብ ነው» አትበሉን፤ ብረት አያልበውም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ኔትወርክ ያላችሁ ታገሱኝ፣ የሌላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

ጉዳዩ የአሮጌ ፒካፕ የኋላ ዲፈረንሻል ነው። «መምህር ደግሞ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ጠበላ፣ ከጠበላ ወደ ሶዶ ሰው የሚጓዘው በምን ሆነና ነው? ተማሪዬ የሚሳፈረው፣ እናቱ ቦሎቄና ዝንጅብሏን ጭና ገበያ የምትወጣው በእነዚህ መኪኖች ላይ ነው። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ዘይት ከላይ ወደ ታች እንደሚፈስ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

የተነሳሁት በአንድ አባባል ላይ ነው። «ላብ ነው፣ ተወው።»

መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ፒካፕ ካያችሁ ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ ስሩን ተመልከቱ። ያ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል እንደ ዱባ ያበጠው ብረት ዲፈረንሻል ነው። ከአሥሩ በስንቱ ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ጥቁር ጭቃ እንደተለጠፈ ራሳችሁ ቁጠሩ። ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ዘይት እየጣለ ነው» በሉት። መልሱን እኔ ልንገራችሁ፦ «አይ፣ ላብ ነው። አሮጌ መኪና ሁሉ ያልበዋል።»

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ የሚያልበው የሚሠራ ሰው ነው። ብረት አያልበውም። ከብረቱ ውጪ ዘይት ካያችሁ፣ ያ ዘይት ውስጥ መሆን ሲገባው ወጥቷል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ሲንጠባጠብ «ፈሰሰ»፣ ሲያረጥብ «አላበው» ማለት በሽታን በቁልምጫ መጥራት ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው?

የሞተሩ ጉልበት በካምቢዮ አልፎ፣ በረጅሙ ትራስሚሲዮን ወደ ኋላ ይሄዳል። እዚያ ፒኞን የሚባለው ትንሹ ጥርስ ኮሮና የሚባለውን ትልቁን ጥርስ ያዞራል። ፒኞኑ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲዞር ኮሮናው አንዴ ይዞራል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። መኪናው ጭነት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው ለዚህ ነው። ከኮሮናው ጋር የታሰሩት ትንንሽ ጥርሶች ደግሞ ኩርባ ላይ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው በልጦ እንዲዞር ያደርጋሉ። ከዚያ ጉልበቱ በሁለቱ ሰሚያሶች ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ የሚኖረው ከ2 እስከ 3 ሊትር ገደማ በሆነ ዘይት ነው። ሁለት ሦስት ሊትር! ከአንድ ጀሪካን ውሃ ጋር አወዳድሩት። ከዚህች ላይ ግማሽ ሊትር «ላብ» ሲወጣ ምን ያህል እንደቀረ አስቡ። ሞተር የዘይት መብራት አለው፣ የዘይት ዘንግ አለው። ዲፈረንሻል ግን መብራትም ዘንግም የለውም። የሚናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ ሲያጉረመርም። ሲያጉረመርም ደግሞ ጥርሱ ተበልቷል፣ ጊዜው አልፏል።

ዘይቱ የሚወጣው በየት ነው?

ሦስት ዋና ቦታ አለ። ሦስቱን አንድ አድርጎ «ላብ» ማለት ጉንፋንን፣ ወባንና ሳንባ ምችን አንድ አድርጎ «ትኩሳት» እንደማለት ነው።

አንደኛው የፒኞን አፍ ነው፤ ትራስሚሲዮኑ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኝበት። እዚያ ያለው ኦይል ሲል ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ ዘይት ይተፋል፣ ትራስሚሲዮኑ ደግሞ እየዞረ ወደ ወለሉ ይረጨዋል።

ሁለተኛው ዲፈረንሻሉ ከቤቱ ጋር በቡሎን የሚታሰርበት ዙሪያው ነው። ጓርኒሲዮኑ ሲያረጅ ወይም ቡሎን ሲላላ ዙሪያውን ያረጥባል። ከሦስቱ ቀለል የሚለው ይሄ ነው።

ሦስተኛው የሰሚያስ ጫፍ ነው፤ ጎማው ጋ። ወገኖቼ፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ለሦስተኛው ስል ነው። እዚህ ላይ ያለው ኦይል ሲል ሲበላሽ ዘይቱ መሬት ላይ አይንጠባጠብም። የት ይሄዳል? የፍሬኑ ታምቡር ውስጥ! የፍሬን ሸራው ላይ!

አሁን ፊዚክስ ላውራ። ፍሬን የሚይዘው በሰበቃ ነው። ዘይት የተሠራው ሰበቃን ለማጥፋት ነው። ሁለቱን አንድ ቤት ውስጥ አስገብታችሁ «ቶዮታ እኮ ነው» ብላችሁ ጭነትና ሰው ታሳፍራላችሁ። በአንድ በኩል ዘይት የጠጣ ሸራ ካለ አንዱ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው ይንሸራተታል። ቁልቁለት ላይ ስትረግጡ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ይዞራል። የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው በዚያው በኋላ ታምቡር ስለሆነ እሱም አይታመንም። ከሶዶ ወደ ሁምቦ፣ ከዚያም ወደ አበላ ቆላ የሚወርድ ሰው ስለ ቁልቁለት ሊነገረው አይገባም።

«ላብ ነው» የሚለው ቃል እንግዲህ እዚህ ላይ ውሸት ብቻ ሳይሆን አደጋ ይሆናል።

በዚያ ላይ አሮጌው ሃይሉክስ ላይ ሰሚያሱ ራሱ ጎማውንና የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ኩሽኔታውም ጫፉ ላይ ነው። ኩሽኔታው አልቆ ሰሚያሱ ከተሰበረ ወይም መያዣው ከለቀቀ ጎማው ሰሚያሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። በብዙዎቹ ላንድክሩዘር ፒካፖች ግን ክብደቱን የሚሸከመው ሞዞው ስለሆነ ሰሚያስ ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታው ላይ ይቆያል። ልዩነቱን የማያውቅ ባለ መኪና «የእሱ ዘይት እየጣለ አምስት ዓመት ነድቷል» ብሎ በጎረቤቱ መኪና ይጽናናል። ለጎረቤትህ የተማረው አምላክ ለአንተም ይምራል ብለህ ነው?

በነፃ የሚገኘው መድኃኒት

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? የብዙው ፍሳሽ መነሻ ሳንቲም የማይጠይቅ ነገር ነው። የዲፈረንሻሉ ቤት አናት ላይ አውራ ጣት የማታክል መተንፈሻ አለች። ስሟ መተንፈሻ ነው፤ ሥራዋም ማስተንፈስ ነው። በእኛ አቧራና ጭቃ ትደፈናለች። ማንም አያያትም።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ የጋዝ ሕጉን አስታውሱ። መጠኑ ካልተለወጠ የጋዝ ግፊት ከኬልቪን ሙቀቱ ጋር አብሮ ይጨምራል። ጠዋት 25 ዲግሪ የነበረ ዲፈረንሻል ተጭኖ ዳገት ሲወጣ 90 ዲግሪ ቢደርስ፣ ከ298 ወደ 363 ኬልቪን ሄደ ማለት ነው። አካፍሉት። ግፊቱ 22 በመቶ ገደማ ጨመረ። ከአባያ ቆላ ወደ ሶዶ ሲወጣ ደግሞ የውጪው አየር ይሳሳል፣ ልዩነቱ ይሰፋል። የኦይል ሲል ከንፈር የተሠራው ዘይት ጠርጎ ለመመለስ እንጂ ግፊት ለመቋቋም አይደለም። ስለዚህ አዲስ ኦይል ሲል ገዝታችሁ መተንፈሻውን ካልከፈታችሁ፣ አዲሱም ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ያልበዋል»። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ ሱቁ ይሰደባል።

ተቃራኒውም አለ። የጋለ ዲፈረንሻል ሐመሳን ወይም ሌላ የክረምት ወንዝ ሲሻገር ድንገት ይቀዘቅዛል። ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። መተንፈሻው ከተደፈነ በደከመው ኦይል ሲል በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ያን ጊዜ «ዘይቱ እኮ ሙሉ ነው» ብሎ መኩራራት አይሠራም፤ የሞላው ውሃ ነው።

አራቱ የሐሰት መድኃኒቶች

አንደኛ፣ ሲሊኮን መለጠፍ። ከውጭ፣ በዘይት የረጠበ ብረት ላይ፣ ሳያጥቡ ሳያደርቁ! ዘይት ላይ ምን ይጣበቃል? ሲሊኮን በቦታው ጥሩ ነገር ነው፤ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ ሲገጠም። ከላይ መለጠፍ ግን ቁስል ሳያጥቡ ፕላስተር ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መጨመር። «ዘይት ዘይት ነው» ይሉናል። አይደለም! የፒኞንና የኮሮና ጥርስ እየተሽከረከረ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተተም ነው የሚገናኘው፤ ጫናው ከባድ ነው። ለእሱ የተሠራው ጣሳው ላይ «ጂኤል 5» የሚል ያለበት የማርሽ ዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜ 90 ወይም 85 ደብሊው 90። «ግን የሞተር ዘይት 40 ቀጭን ስለሆነ ነው እንጂ ወፍራሙን ብጨምርስ?» ለሚል ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። የሞተር ዘይት ቁጥርና የማርሽ ዘይት ቁጥር በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች የተለኩ ናቸው። የማርሽ 90 በውፍረቱ ከሞተር 40 እና 50 ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ጉዳዩ ውፍረት አይደለም፤ ውስጡ የተጨመረው መድኃኒት ነው። ያ የሚሸት የማርሽ ዘይት የሚሸተው ጥርስ ከጥርስ እንዳይበላላ በሚጨመርበት የድኝ ውህድ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይህ የለውም፤ ያለው ጥቀርሻና የብረት ብናኝ ነው።

ሦስተኛ፣ ለሚጮህ ዲፈረንሻል ሰጋቱራ መክተት። አዎ፣ የእንጨት ሰጋቱራ! ድምፁ ይጠፋል፣ መኪናው ይሸጣል፣ ገዢው ያለቅሳል። ይህን መድኃኒት አልለውም። ሌብነት ነው፤ በአማርኛም በወላይትኛም ሌብነት ነው።

አራተኛ፣ የፒኞኑን ዳዶ በጉልበት ማጥበቅ። ኦይል ሲሉን ለመቀየር ዳዶው ይፈታል። ብዙ ዲፈረንሻሎች ውስጥ በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መሃል ተጨምቆ ልኩን የሚይዝ ቀለበት አለ። ዳዶው ከልኩ በላይ ከጠበቀ ቀለበቱ ይጨመቃል፣ ኩሽኔታው ይታነቃል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ከልኩ በታች ከሆነ ፒኞኑ ይጫወታል፣ ጥርስ ይበላል። አዲስ ቀለበት አስገብቶ፣ የመዞር ክብደቱን እየለኩ ማጥበቅ ነው ትክክለኛው። ያ ካልተቻለ ቢያንስ ከመፍታት በፊት ምልክት አድርጎ ወደዚያው ልክ መመለስ። «ረጅም ቱቦ አምጡ፣ ሁለት ሆነን እንሳበው» ግን ሥራ አይደለም። እዚያው ላይ ኦይል ሲሉ የሚቀመጥበት ብረት በጥፍር ሲነካ የሚታወቅ ጉድጓድ ካበጀ፣ አዲስ ኦይል ሲል ብቻ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

«ድሃ ነን» ለምትሉኝ

ይህንን መልስ ስለማውቀው ነው ቀድሜ የምመልሰው። «መምህር፣ አንተ በወረቀት ታወራለህ፤ እኛ ዕለት ጉርሳችንን ከዚህ መኪና ነው የምናወጣው። ዕቃ ተወዷል።»

ተወዷል፣ እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ሁላችንም በኪሳችን እናውቃለን። ታዲያ ይህ የሚለን ምንድነው? ያለችው መኪና ምትክ የላትም ነው የሚለን! ድህነት የጥገና ምክንያት እንጂ የቸልታ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ሀብታም ሰው ዲፈረንሻሉ ሲሰበር ሌላ ይገዛል። ድሃ ግን ኦይል ሲል አልገዛም ብሎ ኮሮናና ፒኞን ይገዛል፤ ሥራ ፈቶ ይከርማል፤ ብድር ይገባል። ሁለት ሊትር የማርሽ ዘይትና አንድ ኦይል ሲል ከሙሉ ዲፈረንሻል ጋር አወዳድሩ። እኔ ዋጋ አልጠራም፣ ሶዶ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ ራሳችሁ ጠይቁ።

«ቶዮታ አይሰበርም» የምትሉም አላችሁ። ሃይሉክስ ከ1968 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ የተሠራ ጠንካራ መኪና ነው፣ አልክድም። ግን ጥንካሬው የተለካው ዘይት ኖሮት ነው። ጠንካራ በሬ አለኝ ብሎ ሳር የሚከለክል ገበሬ ወላይታ ውስጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሬውን እናበላለን፣ እናጠጣለን፣ ጭቃውን እናራግፋለን። መኪናው ላይ ስንደርስ ግን «አይሞትም»!

«ቦሎ አለኝ» የሚልም አለ። ቦሎ በዓመት አንዴ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ኦይል ሲል ደግሞ በቦሎው ማግስት ሊቀደድ ይችላል። ወረቀት ዘይት አይይዝም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሹፌሩን ብቻ መስደብ አልፈልግም። ብዙው ሹፌር መኪናው የእሱ አይደለም። ማታ ገቢ ያስረክባል። «ዲፈረንሻሉ ዘይት እየጣለ ነው» ሲል ባለ መኪናው «አንተ ሥራ፣ እሱን ለእኔ ተወው» ይለዋል። ባለ መኪና ሆይ፣ አንተ ሶዶ ቡና ስትጠጣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው እሱ ነው፤ ከኋላውም የሰው ልጅ አለ። አንድ ቀን ለጥገና ማቆም ኪሳራ አይደለም።

መካኒኮቻችንንም አከብራለሁ። ያለ ማኑዋል፣ ያለ በቂ መሣሪያ፣ መሬት ላይ ተኝተው የሚሠሩትን ሥራ እኔ አልሠራውም። ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን የጣልያን ቃላት ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ሙያውንም አስተላልፈዋል። ግን ወንድሞቼ፣ ደንበኛው «በርካሽ ዝጋልኝ» ሲል «እሺ» አትበሉ። «ይሄ ፍሬንህ ውስጥ እየገባ ነው፣ ሳልሠራው አትሄድም» በሉት። ሐኪም ደም እየፈሰሰው ያለ ሰው «ላብ ነው» ብሎ ይሸኛል እንዴ?

መኪና ያላቸው መሥሪያ ቤቶችም አይቀሩም። ማንንም ስም አልጠራም፤ ራሱን የሚያውቅ ያውቃል። ለነዳጅና ለውሎ አበል በጀት አለ፣ ለማርሽ ዘይት ሲባል «በቀጣዩ ሩብ ዓመት» ይባላል። ከዚያ ፒካፗ ግቢ ውስጥ በድንጋይ ላይ ትቆማለች፣ ዶሮ ይፈለፈልባታል።

እኛ እኮ ጥገና እናውቃለን

ይህን የምለው ሕዝቤን ለማሳነስ አይደለም። በተቃራኒው ነው። የሁምቦን ተራሮች ቀና ብላችሁ እዩ። 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ዛሬ ደን ነው። ከ1999 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ገበሬዎቻችን ከወርልድ ቪዥን ጋር የሠሩት ሥራ ነው፤ ከአገር አልፎ በዓለም የታወቀ። በዋናነት እንዴት ነው የተሠራው? አዲስ ዛፍ ከሌላ አገር በማምጣት አይደለም። መሬት ውስጥ ሥሩ ያልሞተውን ጉቶ ከከብትና ከምሳር ከልለው፣ ቡቃያውን እየመለመሉ፣ እየጠበቁ ነው። ያለውን መጠበቅ! ጥገና ማለት ይሄ ነው። ተራራን የጠገነ ሕዝብ አንድ ኦይል ሲል ያቅተዋል? አያቅተውም። «ላብ ነው» የሚለው ቃል አስንፎን ነው።

በዚያ ላይ ያ የሚንጠባጠበው ዘይት የት ይሄዳል? ዝናብ አጥቦት ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ታች። ከብት የሚጠጣው፣ ልጅ የሚታጠበው ውሃ ውስጥ ነው።

በቃ፣ ምን እናድርግ?

ማማረር ብቻ እንዳይሆን፣ ያለ ጋራዥ የሚቻለውን ልጻፍ።

1. ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁሙ። ሞተር አጥፉ፣ ጎማ ስር ድንጋይ አድርጉ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ስር ማንም አይግባ።

2. የአራቱን ጎማ የውስጥ ጎን እዩ። የኋላው እርጥብ ከሆነ በጣት ነክታችሁ አሽትቱ። ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ቀጭን ከሆነና የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ከጎደለ የፍሬን ነው። ሁለቱም «ዛሬውኑ ጋራዥ» ማለት ነው።

3. መተንፈሻዋን ፈልጉ። ጭቃዋን ጠርጉ፣ ክዳኗ እንደሚንቀሳቀስ አረጋግጡ።

4. ዘይት ለመለካት የላይኛውን መሙያ ቡሎን ፍቱ። ዘይቱ ከቀዳዳው ታችኛ ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዚያ በላይ አታጭቁት፤ የበዛውም መውጫ ይፈልጋል።

5. ስትቀይሩ ሁልጊዜ መሙያውን ቀድማችሁ ፍቱ። መሙያው ዝጎ እምቢ ቢላችሁ ዘይቱን አፍስሳችሁ መሃል መንገድ ላይ አትቀሩም።

6. ከ20,000 እስከ 40,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቀይሩ። ጭነትና ጭቃ የሚበዛበት ወደ 20,000ው ይቅረብ። ጥልቅ ውሃ ከተሻገራችሁ ግን ኪሎ ሜትር አትጠብቁ፣ ወዲያው ፈትሹ።

7. ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ በቤንዚን አጥቦ አይመለስም። ይቀየራል፤ የሁለቱም ጎን አብሮ ይቀየራል። ኦይል ሲሉ ሳይሠራ ሸራ መቀየር ደግሞ ከንቱ ነው።

8. ያፈሰሳችሁትን አሮጌ ዘይት ጀሪካን ውስጥ አኑሩ። ቦይ ውስጥ አትድፉ።

ተሳፋሪዎችም ሥራ አላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት የኋላ ጎማውን የውስጥ ጎን እዩ። እርጥብ ከሆነ ሹፌሩን በጨዋ ደንብ ጠይቁት። «ላብ ነው» ካላችሁ ውረዱ። አንድ ሰው ሲወርድ ይስቃል፣ አምስት ሰው ሲወርድ ጋራዥ ይገባል።

መካኒክ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ ጨምሩበት፤ ከእኔ የተሻለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መኪና ያለው ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት። ቢቆጣ ይቆጣ፣ ቁጣው ያልፋል።